የፎገራ ሜዳ የሩዝ አፈር፦ የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ከወረታ አካባቢ የደወሉ አድማጭ፦ ማሳዬ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውኃ አላሰርግ ይላል። አፈሩ ተጎድቶ ይሆን? ዓይነቱስ ምን ይባላል?

መልስ፦ አልተጎዳም፤ ጠባዩ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የጉማራና የርብ ወንዞች ደለል ባነጠፉት ሜዳ ላይ በስፋት የሚገኘው ይህ ዋልካ፣ በዓለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ ቨርቲሶል ይባላል። ለምደባው ወሳኙ ጥቁረቱ ሳይሆን ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ መያዙ፣ ሲደርቅ በጥልቀት መሰንጠቁና ከሥር ያሉት ጓሎች እርስ በርስ ተፋትገው በሰያፍ የተወለወለ ገጽ ማውጣታቸው ነው። በበጋ ጉድጓድ ቆፍረው አንድ ጓል ቢፈለቅቁ ያንን ልሙጥ ገጽ በጣትዎ ያገኙታል። ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አብጦ ስንጥቁን ከዘጋ በኋላ ውኃው ወደ ታች የሚሰርገው እጅግ በዝግታ ነው። ሥሩ አየር የሚሻ ሰብልን የሚያስጨንቀው ይህ ጠባይ ለሩዝ ሀብት ነው። በወንዞቹ ዳር ግን ጎርፍ የደራረበው ፍሉቪሶል ስለሚያጋጥም፣ ሜዳውን በሙሉ በአንድ ስም መጥራት አይገባም።

ከወረታ ከተማ የደወሉ ተማሪ፦ አፈራችን እንደ ቻይና የሩዝ ማሳዎች በተለየ ስም አይመደብም?

መልስ፦ ገና ነው። በዚያ ለብዙ ዘመን ውኃ በተኛበት እየታረሰና እየተቦካ፣ ከሥሩ ጠጣር ንጣፍ ያበጀው አፈር ሰው የሠራው ተብሎ በአንትሮሶል ይመደባል። በፎገራ ሩዝ ከተለመደ ገና ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ነው፤ በአብዛኛውም በዝናብ የሚለማ ነው።

ከሊቦ ከምከም የደወሉ አድማጭ፦ ውኃ የተኛበትን ማሳ ብቆፍር አፈሩ ግራጫ ሆኖ፣ በሩዙ ሥር ዙሪያ ዝገት የመሰለ ነገር አየሁ። ይጎዳል?

መልስ፦ በደንብ አስተውለዋል። ውኃ ሲተኛ አየር ስለሚታገድ፣ በአፈሩ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን የቀረውን ኦክስጅን በጥቂት ቀናት ይጨርሱና በእሱ ምትክ ናይትሬት የተባለውን የናይትሮጅን ውሕድ፣ ቀጥሎም ማንጋኒዝንና ብረትን መጠቀም ይጀምራሉ። ብረቱ በዚህ ለውጥ ሲሟሟ ቀለሙን ያጣል፤ ግራጫው የመጣው ከዚህ ነው። ሩዝ ግን ከቅጠሉ እስከ ሥሩ የአየር መተላለፊያ ስላለው፣ ከሥሩ የሚወጣው ኦክስጅን የሟሟውን ብረት መልሶ ያዝገዋል። ስለዚህ ያዩት ቀይ ቀለም በአብዛኛው የሚሠራ ሥር ምልክት ነው፤ የሚያሰጋው ሥሩ ጠቁሮ የበሰበሰ ዕንቁላል ሲሸት ነው። ይኸው የብረት ለውጥ የአሲዳማ አፈርን ኮምጣጣነት ያረግባል፣ ታስሮ የነበረ ፎስፈረስንም ይለቅቃል። በበጋ የተወሰደ ናሙና ይህን ሁሉ ስለማያሳይ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሲነግሩዎት ናሙናው በየትኛው ወቅት እንደተወሰደ አጥብቀው ይጠይቁ።

ከደራ የደወሉ አድማጭ፦ ዩሪያን በተኛው ውኃ ላይ ብበትን ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እባክዎ አይበትኑ፤ ገንዘብዎ ይባክናል። ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ሌላው ደግሞ ውኃና አፈር በሚገናኙበት፣ ኦክስጅን ባለው ስስ ንብርብር ናይትሬት ይሆንና፣ ወደ ታች ሰርጎ አየር አልባውን አፈር ሲያገኝ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። ውኃው ጎደል ሲል፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍለው፣ አፈር ውስጥ ቢቀብሩት አብዛኛው ለሰብሉ ይተርፋል።