ፖሊሶችም ዕድር አላቸው

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች አባቶች፣ ወንድሞች እህቶች፣ እዛ ኋላ የቆማችሁ ልጆችም፣ ስለመጣችሁ ከልቤ ነው የማመሰግነው። ቅዳሜ ማታ ከስራ ወጥቶ እዚህ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ግማሻችሁ ነገ በሌሊት ሺፍት አላችሁ። የኮሚኒቲው ኮሚቴ ፖሊስ ነህና ስለ ፖሊሶች ማህበራችሁ ትንሽ ንገረን ሲለኝ መጀመሪያ ፈራሁ፣ ምክንያቱም አማርኛዬ የስራ አማርኛ አይደለም፣ ስለ ፖሊስ ስራ በአማርኛ አውርቼ አላውቅም፣ ቤት ውስጥም ከባለቤቴ ጋር ስለዚህ ስራ ዝም ነው የምንባባለው። ግን መነገር አለበት ብዬ ጽፌው መጣሁ፣ ወረቀት ሳነብ ብታዩኝ ይቅርታ።

ዛሬ ዩኒፎርም ያለበስኩት ሆን ብዬ ነው። የምናገረው እንደ አንድ የዕድር አባል ነውና።

የኛ ማህበር ፍራተርናል ኦርደር ኦፍ ፖሊስ ይባላል፣ በአጭሩ ኤፍኦፒ። አንዳንድ መኪና ላይ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ስቲከር አይታችሁ ይሆናል፣ የኛ አርማ ነው። የተጀመረው ፒትስበርግ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ነው፣ በፈረንጆቹ 1915። ያኔ ፖሊስ በቀን 12 ሰዓት፣ በዓመት 365 ቀን ነበር የሚሰራው፣ እረፍት የሚባል ነገር የለም፣ አቤት ቢል የሚሰማው የለም። ማርቲን ቱል እና ዴልበርት ኔግል የሚባሉ ሁለት ተራ ፖሊሶች ተነሱና ጓደኞቻቸውን ሰበሰቡ፣ ሜይ 14 ቀን 23 ሰዎች ሆነው ተሰበሰቡ፣ የመጀመሪያውን ሎጅ ፎርት ፒት ብለው መሰረቱ። ሎጅ ማለት ቅርንጫፉ ነው፣ እኛ የሰፈር ዕድር እንደምንለው። ዩኒየን ብለው ቢሰይሙት ያን ጊዜ ለዩኒየን ከነበረው ጥላቻ የተነሳ ብዙ ጣጣ ነበረው፣ ስለዚህ ወንድማማችነት የሚል ስም ሰጡት። ዛሬ ከ370,000 በላይ አባላት፣ ከ2,100 በላይ ሎጆች አሉት። ከ23 ሰው ተነስቶ ማለት ነው።

እስቲ አስቡት፣ የኛም ሰዎች በዛው ክፍለ ዘመን ከገጠር አዲስ አበባ እየገቡ ዘመድ በሌለበት አገር ብሞት ማን ይቀብረኛል ብለው ነው በየሰፈሩ ዕድር ያቋቋሙት። ድንኳን ገዙ፣ ወንበር ገዙ፣ በየወሩ ሳንቲም አዋጡ፣ ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ወጣ። ፒትስበርግ ያሉት ስለ ዕድር ሰምተው አያውቁም፣ ጭንቀቱ ግን አንድ ነው። እኔ ብወድቅ ልጆቼ ምን ይሆናሉ፣ ይሄ ነው ጥያቄው።

አባቴ ፖሊስ ነበር፣ አባዲና የሰለጠነ። ሲያርፍ እኔ እዚህ አገር በዲቪ ከመጣሁ ገና ሶስት ዓመቴ ነበር፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ለቀብሩ መሄድ አልቻልኩም። ወንድሜ በስልክ ነው የነገረኝ። ጡረታ የወጡ የስራ ጓደኞቹ መጡ አለኝ፣ አንዳንዶቹ የድሮውን ኮፍያቸውን ከቁም ሳጥን አውጥተው፣ ቀለሙ ለቆ፣ ጨርቁ ሳስቶ፣ ከዘራ የያዘውም ከዘራውን ለጎኑ ሰው ሰጥቶ፣ አፈሩ እስኪያልቅ ቀጥ ብለው ቆሙ። ማንም ያዘዛቸው የለም። እኔ እዛ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ቁልፍ ይዤ አለቀስኩ። ፖሊስ እሆናለሁ ያልኩት የዛን ቀን ነው፣ ለእናቴ ግን ለመንገር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

አሁን ማህበሩ ምን ይሰራል የሚለውን ልንገራችሁ። ከከተማውና ከካውንቲው ጋር ስለ ደሞዝ እና ስለ ስራ ሰዓት ይደራደራል፣ አባል ሲከሰስ ጠበቃ ያቆማል፣ የትዳር ጓደኞች የራሳቸው ክንፍ አላቸው፣ ለገና ብዙ ሎጆች ችግር ያለበትን ቤተሰብ ልጅ ከአንድ ፖሊስ ጋር አጣምረው ሱቅ ይወስዱትና የሚፈልገውን ይገዙለታል። ይሄ ብዙ ጊዜ ልጁ ለራሱ ሳይሆን ለእናቱ ነው የሚገዛው፣ ድስት ምናምን ያነሳል፣ እኔ አብሬው የሄድኩት የ7 ዓመት ልጅ ለእናቱ የክረምት ጓንት ካልገዛሁ አሻንጉሊቱን አልነካም ብሎ ቆሞ ነበር።

አንድ ዜና አለ፣ ይሄ ፖሊስ ላልሆናችሁትም ይጠቅማል። ሶሻል ሴኩሪቲ ላይ፣ የመንግስት ጡረታው ማለቴ ነው፣ ከ1977 እና ከ1983 ጀምሮ የነበሩ ሁለት ህጎች ነበሩ። አንዳንድ የፖሊስ፣ የፋየር እና የትምህርት ቤት መስሪያ ቤቶች ከደሞዝ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ አይቆርጡም፣ የራሳቸው ጡረታ አላቸው። እንግዲህ አንድ የኛ ሰው 15 ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ ጋራዥ ሰርቶ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ከፍሎ፣ ከዛ እንደዚህ አይነት መስሪያ ቤት ገብቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ያኔ የከፈለበት ገንዘብ ይቀነስበት ነበር። ባል ወይም ሚስት ሲሞትም ለሱ ከሚደርሰው ላይ ይቆረጥ ነበር። ማህበራችን ከሌሎች የሰራተኛ ማህበራት ጋር ሆኖ ለብዙ ዓመታት በየኮንግረሱ በር ሲያንኳኳ ኖሮ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ፕሬዝዳንት ባይደን ፈርመው ሁለቱም ህጎች ተሰረዙ፣ ሂሳቡም ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ታስቦ። ይሄ የሚነካው ሰው ቤታችሁ ካለ፣ በተለይ አስተማሪ የነበሩ እናቶች፣ እባካችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ። ድሮ አይሰጠኝም ብሎ ሳያመለክት የተወ ሰው አሁን ማመልከት አለበት፣ ዝም ብሎ ቢጠብቅ አይመጣለትም።

ሌላ ደግሞ፣ ስልክ ደውሎ ከፖሊስ ማህበር ነው፣ ለሞቱ ፖሊሶች ልጆች እርዱ፣ የካርድ ቁጥር ንገሩኝ የሚላችሁ ሰው ካለ ስልኩን ዝጉት። የኛን ስም እየጠሩ ሽማግሌዎችን የሚያጭበረብሩ አሉ። መስጠት የፈለገ ሎጁን ራሱ ፈልጎ ይደውል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በፖሊስ የተበደለ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ልጁ በቆዳው ቀለም ብቻ መኪና ያስቆሙት አባት እዚህ አለ፣ አብረን ቡና ጠጥተን ነግሮኛል። ማህበራችሁ ጥፋተኛ ፖሊስ ይከላከላል የሚል ጥያቄም ይነሳል። የኔ መልስ ይሄ ነው፣ ማንም ሰው ሲከሰስ ጠበቃ ሊኖረው ይገባል፣ ይሄን አምናለሁ፣ ግን ጠበቃ ማቆም እና ጥፋትን ጥፋት አይደለም ማለት የተለያየ ነው። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ሲገደል ማህበራችን በብሄራዊ ደረጃ ድርጊቱን አውግዟል። በየሎጁ ግን ዝምታን የመረጠ አለ፣ ያ ዝምታ አሳፍሮኛል፣ ስብሰባ ላይ ተነስቼም ተናግሬያለሁ። ወንድማማችነት ማለት ወንድምህ ሲያጠፋ ፊቱ ላይ ልትነግረው መቻል ነው፣ ዕድርም እኮ ያጠፋን አባል ይቀጣል።

እና ደግሞ ሌላ የማናወራው ነገር። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ህጻን ውሃ ውስጥ ገብቶ ጥሪ መጣልን፣ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። አልተረፈም። ከዛ በኋላ ለወራት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ልጄን ገላዋን ሳጥባት እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ለአንድ አለቃዬ ስነግረው ለምደኸው ትረሳዋለህ አለኝና ወደ ስራዬ መለሰኝ። ያተረፈችኝ ባለቤቴ ናት፣ ሳታማክረኝ ለሎጁ ደወለች፣ በማግስቱ ተመሳሳይ ነገር ያየ አንድ ትልቅ ሰው ቤቴ መጣ፣ አንድም ምክር አልሰጠኝም፣ ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ታሪክ ነገረኝ፣ እኔም የኔን። ሁለት ሰዓት ሙሉ። በዚህ ስራ ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ፣ ድሮ ቤተሰቦቻቸው ከመንግስት ምንም አያገኙም ነበር፣ እንደ ነውር ነበር የሚታየው። በ2022 የወጣ ህግ፣ ማህበራችንም የደገፈው፣ በስራ ላይ ካጋጠማቸው ከባድ ነገር ጋር ተያይዞ ለሚያልፉት ቤተሰቦች ካሳ የማግኘት በር ከፍቷል። እኛ አበሾች ደግሞ ይሄን ነገር ደብቀን ነው የምንቀብረው፣ በልብ ድካም ነው እንላለን። የናንተም ባል ወይም ልጅ፣ ፖሊስ ባይሆንም፣ ዝም ካለ ጠይቁት፣ ሌሊትም ቢሆን 988፣ ለተጨነቀ ሰው የሚያናግር መስመር ነው፣ መደወል ይቻላል።

የመጣሁበትን ዋና ነገር አሁን ልናገር። በየዓመቱ ሜይ ላይ እዚሁ ከተማችን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የፖሊስ ሳምንት አለ፣ በስራ ላይ የሞቱ ፖሊሶች የሚታሰቡበት። ሜይ 15ን የመታሰቢያ ቀን ያደረጉት ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ናቸው፣ በ1962። በ1982 ማህበራችን ካፒቶል፣ የኮንግረሱ ህንጻ ማለት ነው፣ አካባቢ የመጀመሪያውን የጸሎት ስነ ስርዓት ሲያደርግ 120 ሰው ያህል ነበር የተገኘው፣ አሁን ከመላው አገር በብዙ ሺህ ይመጣል። ጁዲሸሪ ስኴር የሚባለው አደባባይ ያለው የፖሊሶች መታሰቢያ በ1991 የተመረቀ ነው፣ ግድግዳው ላይ ከ24,000 በላይ ስም አለ፣ ከ1700ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስራ ላይ የሞቱት። በየመግቢያው የነሐስ አንበሶች ግልገሎቻቸውን ሲጠብቁ ተቀርጸዋል፣ አንዱ ስር ጻድቅ እንደ አንበሳ ይደፍራል የሚለው የምሳሌ ቃል ተጽፏል። ከፊታችሁ ሰዎች ወረቀት ስሙ ላይ ያደርጉና በእርሳስ ያሻሹታል፣ ስሙ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ ጠቅልለው ይዘው ይሄዳሉ።

የሟች ቤተሰቦች ሲመጡ ኤርፖርት ላይ በሰልፍ ሆነን እንቀበላቸዋለን። አንድ ዓመት ሬገን ኤርፖርት ቆሜ ነበር፣ ከአውሮፕላን በር አንዲት በእድሜ የገፉ ነጭ ሴት በዊልቸር ወጡ፣ የልጃቸውን ፎቶ ደረታቸው ላይ አድርገው። ዊልቸሩን የምትገፋው የኛ እህት ናት፣ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ፖሊሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰላምታ ሲሰጥ ደነገጠች፣ አቁማ ፊቴን አየችና ወንድሜ ምንድነው ነገሩ አለችኝ በአማርኛ። ልጃቸው ፖሊስ ነበር፣ ሞቶባቸው ነው አልኳት። ዊልቸሩን ፍሬን አደረገችና ዞራ ሴትየዋ ፊት በርከክ አለች፣ ሁለት እጃቸውን ያዘች፣ እግዜር ያጽናሽ የኔ እናት፣ እግዜር ያጽናሽ አለች፣ እንባዋ እየወረደ። ሴትየዋ እኔን አዩኝ፣ ምን አለችኝ አሉ። ነገርኳቸው። ድገሚልኝ አሏት። ደገመችላቸው። እስከ ሻንጣ መቀበያው ድረስ ቃሉን ለማለት ሲሞክሩ ነበር፣ ጽ የምትለዋ እምቢ እያለቻቸው፣ እሷ እየገፋች በቀስታ እየደገመችላቸው። የዛን ቀን እዛ የቆምነው ፖሊሶች ሁሉ ያደረግነው ነገር እሷ ያደረገችውን አያክልም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይሄንን ነው። ለቅሶ መድረስ የምናውቅ ሰዎች ነን። እነዚህ ቤተሰቦች ለፖሊስ ሳምንት መጥተው አሌክሳንድሪያ ሆቴል ያርፋሉ፣ ስንቶቻችሁ እዛው ሰፈር ነው የምትኖሩት፣ ስንቶቻችሁ እዛ ሆቴሎች ውስጥ ነው የምትሰሩት። ደረታቸው ላይ ፎቶ ያደረጉ ሰዎች ስታዩ ቀርባችሁ አናግሯቸው፣ እንግሊዝኛችን ጥሩ አይደለም ብላችሁ እንዳታልፏቸው።

ሜይ 13 ማታ ደግሞ ናሽናል ሞል ላይ፣ ሱቁ ሳይሆን መሀል ከተማ ያለው ሰፊው ሜዳ፣ የሻማ ማብራት አለ፣ በዓመቱ ግድግዳው ላይ የተጨመሩት ስሞች አንድ በአንድ ይነበባሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በተለይ ፖሊስ እሆናለሁ ሲሏችሁ ዶክተር ሁን ያላችኋቸውን፣ ምን እንደሆነ አይተው ይወስኑ። በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 6 ላይ ጁዲሸሪ ስኴር ሜትሮ መውጫው ጋ እጠብቃችኋለሁ፣ መጀመሪያ ግድግዳውን እናያለን፣ ከዛ በእግር ወደ ሞሉ እንሄዳለን። እናቶች ነጠላችሁን አድርጉ፣ ሲመሽ ስለሚበርድ ጃኬትም ያዙ። ቡና ይዤ እመጣለሁ ያሉ ሁለት እህቶች አሉ፣ ሲኒ የሚያመጣ ሰው ያስፈልገናል፣ ፈቃደኛ የሆነ ከስብሰባው በኋላ እዚህ በሩ ጋ ስሙን ያስመዝግብልኝ።