በዙፋኑና በተማሪው መካከል የነበረ ወንበር

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲያችን የቀድሞ ተማሪዎች፣ መምህራንና እንግዶች፤

ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ዘመን በተነሣ ቁጥር ወሬያችን ስለ ተማሪው ነው፤ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ግጥሙ፣ ስለ «መሬት ላራሹ»። እኔ ግን ዛሬ የማወሳው በተማሪውና በዙፋኑ መካከል ተቀምጠው ስለነበሩት ፕሬዚዳንቶች ነው። የዚያን ዘመን ሹመትና ፖለቲካ አሠራር ከእነርሱ ወንበር አጥርቶ የሚያሳይ ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ወንበሩ የተተከለው በቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲውን ሲመርቁ የሰጡት ግቢ የገዛ ራሳቸውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ የታገቱ መኳንንትና ሹማምንት የተረሸኑት በዚሁ ቤት ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲው መነሻ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ሙከራውን ደግፈው አደባባይ ወጥተው ነበር። ጃንሆይ ቤታቸውን ያስረከቡት እንግዲህ ትናንት ለተነሡባቸው ወጣቶች ነው። ልግስና ነው ወይስ ብልሃት ቢባል፣ እኔ ሁለቱም ነው ባይ ነኝ። መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ክፍላቸው ዛሬም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይጎበኛሉ፤ ጌታው ለጉዳይ ወጣ ያሉ እንጂ ግቢውን የለቀቁ አይመስሉም። በእርግጥም አልለቀቁም፤ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር፣ ማለትም ከፕሬዚዳንቱ በላይ ያሉት የበላይ ጠባቂ፣ ራሳቸው ነበሩ፣ ዲግሪም በእጃቸው ይሰጡ ነበር።

ኮሌጁን ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል) ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ግን የቤተ መንግሥት ሰው ናቸው፤ የጃንሆይን የልጅ ልጅ ልዕልት ሰብለ ደስታን ያገቡ፣ ደጅ ሳይጠኑ ንጉሥ ፊት መቅረብ የሚችሉ። «ያኔ ፕሬዚዳንት ይከበር ነበር» የሚሉ አሉ። ይከበር ነበር፤ ነገር ግን የሚከበረው ሰውየው እንጂ ወንበሩ አልነበረም፣ ክብሩም በአማችነት የመጣ ነበር። ይሁን እንጂ ልጅ ካሣን የቤተ መንግሥት አማች ብቻ አድርጎ ማለፍ ግፍ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ያደረገው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተጀመረው በእርሳቸው ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የተሰለፈው ትውልድ ጭሰኛውን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዓይኑም ያየ ነው፤ እንዲያይ የላኩት ደግሞ የባላባት ልጅ የሆኑ ፕሬዚዳንት ናቸው።

ልጅ ካሣ ወለጋን እንዲገዙ ተሾመው ሲሄዱ ቦታውን የተረከቡት የትምህርት ፋኩልቲ ዲን የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ናቸው። እርሳቸው በሙያቸው የመጡ እንጂ የቤተ ዘመድ ሰው አልነበሩም። ብዙም ሳይቆዩ፣ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም.፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። ጥላሁን የልዑል መኮንን ባለቤት የነበሩት የልዕልት ሣራ ግዛው ወንድም ነው። ጠቡ ምን ያህል በአንድ አጥር ውስጥ እንደነበር ልብ በሉ፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የንጉሡ የልጅ ልጅ ባል፣ የአመፀኛው ተማሪ እህት የንጉሡ ምራት። በማግሥቱ የክብር ዘበኛ አስከሬኑን ለመውሰድ ግቢ ገብቶ ተማሪዎች ላይ ተኮሰ። ዝምድናው ጥላሁንን አላዳነውም፣ የፕሬዚዳንቱም ሥልጣን ወታደሩን ከበር አልመለሰም።

ከአብዮቱ በኋላ ዶክተር አክሊሉ የባህል ሚኒስትር ሆኑ፣ ኋላም በዓለም ባንክ የትምህርት ሥራ መሩ። ልጅ ካሣ ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ።

አመሰግናለሁ።