«ታልፍ ነበር»

እሺ፣ ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ዛሬ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናን የንባብ ክፍል እንጨርሳለን ብዬ ነበር። አንጨርስም፣ ይቅርታ። አንዲት ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላኛለች። አዎ፣ የ«ኢፍ» ነች፣ የእንግሊዝኛው «ቢሆን»፤ እንደገና «ኢፍ»። ታገሡኝ።

ጥያቄዋ እንዲህ ትላለች። «ኢፍ ሺ ሃድ ስተዲድ ሃርደር፣ ሺ»፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ «ዚ ኤግዛም»። ምርጫዎቹ አራት ናቸው፦ «ዊል ፓስ»፣ «ዉድ ፓስ»፣ «ዉድ ሃቭ ፓስድ»፣ «ፓስድ»። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ሁሉ የሚያውቃት ዓይነት ጥያቄ ነች። ቅዳሜ ቅዳሜ የማስጠናት አንዲት ልጅ ሕጉን በቃሏ ትወጣዋለች። ታይፕ ስሪ፣ ያለፈና ያልሆነ ነገር የሚታሰብበት «ኢፍ»፤ ፊት ላይ ፓስት ፐርፌክት («ሃድ» እና ቪ ስሪ)፣ ኋላ ላይ «ዉድ ሃቭ» እና ቪ ስሪ፣ ማለትም የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ፣ እንደ «ፓስድ»። አንዲት ፊደል አትስትም። ከዚያ እርሳሷን አነሣች፣ ትንሽ ቆየች፣ «ዉድ ፓስ»ን አከበበች።

ለምን ስትባል፣ «በአማርኛ ሳስበው ልክ መጣልኝ» አለች። «አጥንታ ቢሆን ኖሮ ታልፍ ነበር። ታልፍ ነበር፣ ዉድ ፓስ።»

እ... እዚህ ጋ ቆዩልኝ። ልጅቷ እኮ ልክ ናት። ማለቴ መልሱ ስህተት ነው፣ ትክክለኛው «ዉድ ሃቭ ፓስድ» ነው፤ መንገዷ ግን ልክ ነው። እስቲ ሦስቱን አብረን እንበላቸው። «ካጠናች ታልፋለች።» «ብታጠና ታልፍ ነበር።» «አጥንታ ቢሆን ኖሮ ታልፍ ነበር።» የፊተኛውን ግማሽ ስሙት፤ ካጠናች፣ ብታጠና፣ አጥንታ ቢሆን ኖሮ፤ ሦስቱም ይለያያሉ። የኋለኛውን ስሙት ደግሞ። ታልፋለች። ታልፍ ነበር። ታልፍ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ሆኑ! አማርኛ ነገሩ ያለቀለት መሆኑን ፊት ላይ «ቢሆን ኖሮ» ብሎ ይናገርና ኋላ ላይ አይደግመውም። እንግሊዝኛ ፊት ላይ «ሃድ» ካለ በኋላ ኋላም «ሃቭ» በል ይላል። «ብታጠና ኖሮ» የሚልም ሰው አለ፣ አውቃለሁ፤ እሱም ቢሆን ኋላው ያው «ታልፍ ነበር» ነው።

እና ፈታኙ «ዉድ ፓስ»ን በአጋጣሚ አላስቀመጠውም። «ዊል ፓስ» ያላጠናውን ነው የሚይዘው። «ዉድ ፓስ» የሚይዘው ግማሹን በደንብ የገባውን ልጅ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል፣ እውነቴን ነው።

በፈተና ላይ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑ። «ኢፍ» ካለበት በኩል ያለውን ግስ አስምሩበት። «ሃድ» እና ቪ ስሪ ከሆነ፣ ኋላ ላይ «ሃቭ» የሌለበትን ምርጫ ለጊዜው ሰርዙት። ለጊዜው ያልኩት አለምክንያት አይደለም፤ ቀጥሎ ጊዜ የሚናገር ቃል ፈልጉ። መጨረሻው ላይ «ናው» ካለ ነገሩ ይገለበጣል። «ኢፍ ሺ ሃድ ስተዲድ ሃርደር፣ ሺ ዉድ ቢ አት ዩኒቨርሲቲ ናው» ልክ ነው፤ ያላጠናችው ድሮ፣ ውጤቱ ዛሬ። «ሃድ ሺ ስተዲድ ሃርደር» ብሎ «ኢፍ»ን ጨርሶ የሚያወጣውም አለ። ተማሪ ጥያቄ መስሎት ይደናገራል። ከሐረጉ በኋላ ያለችውን ምልክት እዩ፤ የጥያቄ ምልክት ሳይሆን ኮማ ከሆነች «ኢፍ» ተደብቋል ማለት ነው። የቆዩት የእንግሊዝኛ ወረቀቶች 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ናቸው፣ ለአንዱ 1 ደቂቃ። ንባቡ ከዚያ በላይ ይበላል፤ ስለዚህ ይሄን ሁሉ በ30 ሰከንድ ነው የምትሠሩት። ሕጉን በቃል ማወቅ ብቻውን የማያደርሰውም ለዚህ ነው፤ እጅ መልመድ አለበት።

አሁን... «በአማርኛ አታስቡ» የሚባለው ምክር አለ። በየክፍሉ ይባላል፣ እዚህም ተብሏል። ግን ሌላ ጥያቄ ውሰዱ። «ስንደርስ ፊልሙ ጀምሮ ነበር።» ጀምሮ ነበር፣ «ሃድ ስታርትድ»። አማርኛው እጃችሁን ይዞ ነው የሚያደርሳችሁ። ተማሪው «ጀምሯል» እና «ጀምሮ ነበር» ማለት እንደሚለያዩ ከሕፃንነቱ ያውቃል፤ በቀመር ስናስተምረው ግን እንደ አዲስ ነገር ይፈራዋል። በሌላ በኩል «ትናንት መጥቷል» አማርኛ ላይ ምንም አይልም፣ እንግሊዝኛ ላይ «ሃዝ ካም» እና «የስተርደይ» አብረው አይቀመጡም። «ምንም እንኳ ቢደክማትም፣ ግን...» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ኦልዞው» ካለ «በት» አይልም። አንዱ ይረዳል፣ አንዱ ይጥላል። አታስቡ ማለት ይሻላል ወይስ የት የት እንደሚጥል ማሳየት? ወደ ሁለተኛው እያጋደልኩ ነው፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ቃላትም ላይ ያው ነው። ሬዲዮ እንከፍታለን፣ ሲጋራ እንጠጣለን፣ ስህተት እንሠራለን፣ ውሳኔ እንሰጣለን። ተማሪው «ዲሲዥን» ማለት ውሳኔ ነው ብሎ ሸምድዷል፤ ጥያቄው ግን ከፊቱ የሚገባውን ግስ ነው የሚለው። «ጊቭ»ን ያከብባል፤ መልሱ «ሜክ» ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አትጻፉት፣ ከጓደኛው ጋር ጻፉት። «ሜክ ኤ ዲሲዥን»፣ «ሜክ ኤ ሚስቴክ»፣ «ተርን ኦን ዘ ራዲዮ»። በቀን 5 ይበቃል። በነጋታው፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን አማርኛውን ብቻ እያያችሁ ሙሉውን ሐረግ ጻፉ፤ ማንበብ አይቆጠርም። 50 ቃል በአንድ ሌሊት የሚሸመድዱት ልጆች... ተዉት፣ ይሄን ስንት ጊዜ አልኩ።

የስህተት ደብተራችሁ ላይም አንድ ረድፍ ጨምሩ። እስካሁን የመረጣችሁትንና ትክክለኛውን ነው የምትጽፉት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወደ ስህተቱ የመራችሁን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የዚያች ልጅ ረድፍ ላይ «ታልፍ ነበር» ተጽፏል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። ብቻ ያን ቁጥር ሳስብ ግማሹ የገባቸው ልጆች ናቸው የሚታዩኝ፤ ሕጉን የሚያውቁ፣ እርሳሱን አንሥተው ትንሽ የሚቆዩ።

ልጅቷ ደብተሯን ስትዘጋ ምን አለች መሰላችሁ? «ፊት ላይ ከተነገረ ኋላ ለምን ይደገማል?» አለች። ሕጉ ነው ማለት ይቻላል። ተብሏልም። እሷ ግን ሕጉን ታውቀዋለች እኮ፤ ሕጉን አልነበረም የጠየቀችው። ለቅዳሜ ምን እንደምላት... «ናው» ያለበትንና የሌለበትን ጎን ለጎን ባስቀምጥላት፣ ሁለቱን በአማርኛ እንድትላቸው ባደርግ፣ ምናልባት «ሃቭ» ለምን እንዳስፈለገ ራሷ... ወይም ደግሞ...

እንጃ። እስቲ ቅዳሜ ይድረስ።