ህልም አይጠየቅም

እ... እየቀዳ ነው? አዎ፣ ቀዩ በርቷል። ዛሬም ከጣና ዳር ነኝ። ከኋላ የምትሰሟት ያቺው ባጃጅ ናት፤ ባሕር ዳር ውስጥ ሌላ መንገድ የሌለ ይመስል።

የእማዬ ዓይን ተሠራ። ስንት ወር እንደጨቀጨቅኳት ታውቃላችሁ፤ እንዴት እሺ እንዳለች ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በደንብ ላስረዳት ሞክሬያለሁ እኮ። ሞራው ሌንሱን ነው ያደበዘዘው፣ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩልሻል፣ የሚያደነዝዙት ዓይንሽን ብቻ ነው አልኳት። በ1998ቱ አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በዚሁ በሞራ መሆኑን ሳይቀር ነገርኳት። «ታዲያ ብቻዬን ካልሆንኩ ምን ያስቸኩለኛል?» አለችኝ። እሷን በክርክር!

አንድ ጠዋት ቡና አፈላች። ረከቦቱን በእጇ ዳበሰች፣ ጀበናውን አዘነበለች፣ ቀዳች። ከስኒው ውጪ። ቡናው ቄጠማው ላይ ፈሰሰ። «ጠጣ» አለችኝ። ባዶውን ስኒ አንስቼ ፉት አልኩ። ድምፅ አውጥቼ። «ሸጋ ነው» አልኩ።

ከዚያ አፌ በራሱ ተከፈተ። «ሌሊት አባዬን በህልሜ አየሁት። ዓይኗን አሳክማት አለኝ።»

ጀበናውን አስቀመጠች። «ምን ለብሶ ነበር?»

እዚህ ጋ ማቆም እችል ነበር። ሌሊት ሌሊት የምመለሰው እዚህች ላይ ነው። «ጋቢ» አልኩ። «የቱን?» «ያን ጥለቱ አረንጓዴውን።» አለቀሰች። በማግስቱ ሐኪም ቤት ነበርን።

ድሮ በላ ልበልሃ ሲባባሉ ሰው በግጥም ዳኛ ያማልል ነበር፤ ያም ማታለል ነው በሉት። ግን ባላጋራው ፊት ለፊት ቆሞ «ተጠየቅ!» ይለዋል። እማዬ እኔን ልትሞግተኝ ትችላለች። ስሞግታት ስድስት ወር ረታችኝ እኮ! አባዬን ግን በምን ትጠይቀው? ቆይ... ጠይቃዋለች። ምን ለብሶ ነበር አለች። የመለስኩት እኔ ነኝ እንጂ።

ትናንት እዚሁ ተቀምጠን፣ ከዘጌ በኩል በደንገል ታንኳ የሚመጣውን ሰውዬ ኮፍያ አየችው። ኮፍያውን! «ቀዳዳ ነው» ብላ ሳቀችበት። ታዲያ ምን ቸገረህ ትሉኛላችሁ። ምንም። ማለት... ዓይኗ ባይድንስ ኖሮ? እንደዚያ ቢሆን ዛሬ ይህን አወራ ነበር? አላውቅም። ምናልባት ስለዳነ ነው ለማውራት የደፈርኩት። ይሄም ያስጠላል።

ማታ ሳጥኑን ከፍታ ጋቢውን አወጣች። ጥለቱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ! ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው፣ ቀስ ብላ መልሳ አጠፈችው። «ህልም እንዲህ ነው» አለች።

ወይስ «ህልምህ» ነው ያለችው? ሳጥኑ እየተዘጋ ስለነበር... አልሰማሁም። ልጠይቃት ብዬ... ኧረ ይቺ ባጃጅ! ቆይ፣ ትለፍ...