ስም የሌለው ችግኝ ማሳችን አይግባ
(ቴፒ አካባቢ ለተሰበሰቡ ቁንዶ በርበሬ አምራቾች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ሰብሳቢያችን ስለ ቁንዶ በርበሬ አተካከል፣ አያያዝና ገበያ ጠቅለል አድርገህ ተናገር ብለውኛል። ወረቀቴንም አዘጋጅቻለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ለችግኝ። ሌላው ሰዓት ከተረፈ ይደርሳል።

ዝንጅብላችን እንዴት እንዳለቀ ለእናንተ አልተርክም። በ2004 ዓ.ም. የአጠውልግ በሽታው ሲገባ ለምለም የነበረው ማሳ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ አብረን አይተናል። ብዙዎቻችን ፊታችንን ወደ ቁንዶ በርበሬ ያዞርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እዚህ መሃላችን የተቀመጡ አንድ እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ ቡናቸውንም ጠጥታችኋል። ዝንጅብላቸው ሲሞትባቸው ለጊደር መግዣ ያስቀመጧትን ብር አውጥተው ችግኝ ገዙ። «ምን ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሻጩ «ምርጥ ነው» አላቸው። «ስሙስ?» ቢሉት «ምርጥ ነው አልኩዎት እኮ!» አለ። በቃ፣ ያ ነው መልሱ። ችግኙ ሲታይ ያምራል። ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። ሐረጉ ይወጣበታል ብለው በየኮርቹና በየግራቪሊያው ዛፍ ሥር ተከሉት። ጉዝጓዝ አለበሱት፣ በደረቅ ኮባ ከዛፉ ጋር አሰሩት። ቢጠብቁ ቢጠብቁ ሐረጉ አይወጣም። ወደ ጎን ይንሰራፋል፣ መሬት ላይ ይድቦለቦላል። አንዱ ጎረቤት «አፈሩ ነው» አላቸው። ሌላው «የሰው ዓይን ነው» አለ። እሳቸውም ፍግ ጨመሩ። ጠበልም ረጩ።

በኋላ እኔን አስጠሩኝ። ጎንበስ ብዬ አንጓውን አየሁ። ዛፍ የሚወጣ ሐረግ በየአንጓው አጫጭር ሥር ያወጣል፤ ቅርፊት የሚቆነጥጠው በዚያ ነው። የእሳቸው ተክል አንጓ ግን ልሙጥ ነው። አንድም ሥር የለውም። ነገሩ ያኔ ተገለጠ። ቁራጩ የተወሰደው ፍሬ ከሚይዘው የጎን ቅርንጫፍ ነው። እንዲህ ያለው ተክል ዕድሜ ልኩን ቁጥቋጦ ነው። ጥቂት ፍሬ ይሰጣል እንጂ ዛፍ አይወጣም። ሕንድ አገር ኬረላ ውስጥ የከተማ ሰው ይህንኑ ሆን ብሎ በማሰሮ ይተክለዋል፤ ለወጥ ቤቱ ይበቃዋል። ግን አውቆ ነው! ለእኚህ እናት ማን ነገራቸው?

ሻጩ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ዛፍ የሚወጣ ችግኝ የሚገኘው ከእናት ሐረጉ ሥር ከሚሳበው ለጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቂት ነው። የጎን ቅርንጫፍ ግን ሞልቷል። መቀስ ይዞ የገባ ሰው በአንድ ቀን ስንት ከረጢት ይሞላል! እሱ ብሩን ዛሬ ይቆጥራል። ጉዱ የሚታየው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ያኔ ስልኩም አይነሳም።

ከፍሬ አፍልተው የሚሸጡም አሉ። ይሄ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የዱሩ ቁንዶ በርበሬ ወንዱና ሴቱ በአብዛኛው ለየብቻ ነው። እኛ የምንተክለው ወንዴና ሴቴው በአንድ አበባ የተገናኘበትን ነው። እሱን የሕንድ ገበሬ በዘመናት መርጦ አቆየልን። ከፍሬ ስታፈላው ያ ምርጫ ይበተናል። ኮርቹን ጫፍ ድረስ የሚያለብስ፣ ፍሬ ግን የማይቋጥር ሐረግ ሊወጣልህ ይችላል።

ታዲያ ስሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ብዙ ይጠቅማል! በሐረጉ አገር በምዕራብ ሕንድ ተራሮች ከመቶ በላይ ዓይነት አለ። ፓኒዩር አንድ የሚባለውን ውሰዱ። በዓለም የመጀመሪያው ድቅል ቁንዶ በርበሬ ነው። ዘለላው ረጅም፣ ፍሬው ትልቅ። ግን ከባድ ጥላ አይወድም። ካሪሙንዳ ደግሞ ፍሬው አነስ ይላል፣ ጥላ ግን ይችላል። እኛ የምንተክለው የት ነው? ቡና ውስጥ፣ ጥላ ሥር! ስሙን ሳታውቅ ከተከልክ ዕጣ ጣልክ ማለት ነው። እዚሁ ከቴፒ ምርምር የወጡ ታቶ እና ጋቸብ የሚባሉ ዓይነቶች አሉን። ስም አላቸው። የሚጠየቅላቸው ተቋም አላቸው። ታዲያ «ምርጥ ነው» ብቻ የተባለ ነገር ለምን እንገዛለን? ጤፍ ስንገዛ እንኳ ማኛ ነው ሰርገኛ ብለን እንጠይቃለን!

ስለ መድኃኒትነቱም ተናገር ተብያለሁ። ጉንፋን ሲይዘን ከዝንጅብልና ከማር ጋር እንደምንጠጣው እናቶች ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የሚያቃጥለን ነገር ፓይፐሪን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1819 ነው ተለይቶ የታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የሕንዶች ጥናት ደግሞ እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከፓይፐሪን ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። እርዱም የእኛው ነው፣ ቁንዶ በርበሬውም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የሐኪም መድኃኒት የሚወስድ ሰው በእንክብል መልክ የተሸጠ ፓይፐሪን ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ፓይፐሪኑ ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒቱንም መጠን ሊቀይርበት ይችላል። ወጥ ላይ የሚነሰነሰውን አላልኩም፣ አትደንግጡ።

የቀረውን በሩጫ ልጨርስ። ውሃ የሚተኛበት ቦታ አትትከሉ፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ዘለላው ላይ አንድ ሁለት ፍሬ መቅላት ሲጀምር ልቀሙ። በደንብ የበሰለው ቀዩ ተዘፍዝፎ ልጣጩ ሲነሳ ነጭ ቁንዶ በርበሬ ይሆናል። ስለ ገበያው ከእኔ ይልቅ የማህበሩ ሒሳብ ሹም ቢናገሩ ይሻላል።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው፣ አይቻለሁ። አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከዛሬ ጀምሮ ማህበራችን የሚረከበው ችግኝ ሁሉ መለያ ወረቀት ይኑረው። የዓይነቱ ስም፣ ቁራጩ ከየትኛው የሐረግ ክፍል እንደተወሰደ፣ እናት ሐረጉ ያለበት ማሳ ይጻፍበት። ያልተጻፈበት በመጣበት መኪና ይመለስ። የሻጩን ሆድ ሳይሆን የእኚህን እናት ጊደር አስቡ።

የምትደግፉ እጃችሁን አውጡልኝ።