ገበና በመድረክ

አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ለቅሶ ላውራችሁ፤ ያውም ስለ አየርላንድ ለቅሶ።

እ.ኤ.አ. በ1898 ጆን ሚሊንግተን ሲንግ የተባለ ጸሐፌ ተውኔት ከአየርላንድ በስተምዕራብ ወዳሉት አራን ደሴቶች ተሻገረ። አየርላንድ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ሲንግ ከፕሮቴስታንት ባለርስቶች ወገን ሲሆን ደሴተኞቹ በአገራቸው ቋንቋ የሚናገሩ ካቶሊኮች፣ ከባሕር የሚበሉ ድሆች ነበሩ። እዚያ ቀብር ላይ ሴቶች እየተወዛወዙ ሙሾ ሲያወርዱ ሰማ። ቤተ ክርስቲያናቸው ልማዱን ስትነቅፍ ኖራለች። የእኛዎቹስ ካህናት ደረት አትምቱ ሲሉ አይደል የኖሩት?

በ1904 ያንን ለቅሶ ደብሊን ላይ በባለ አንድ ገቢር ተውኔት አሳየ። ሞርያ የተባለች እናት ወንዶች ልጆቿን ሁሉ ባሕር ይበላባታል። የአንዱ አስከሬን ሩቅ አገር ተገኝቶ የሚለየው በካልሲው ነው፤ ካልሲውን የሠራችው እህቱ ስትሠራው የዘለለቻቸውን አራት የሹራብ ዐይኖች ታውቃቸዋለች። አሮጊቶች ቀይ ቀሚስ ተከናንበው ገብተው ያለቅሳሉ። ለመጨረሻው ልጅ ሳጥን ሳንቃ አለ፤ ምስማር ግን ተረስቷል። ያን ያህል ሳጥን ሲመታ ያየች እናት ምስማር ረሳች! እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን አጥፌ እቀመጣለሁ።

በ1907 ግን እዚያው ደብሊን፣ አቢ ቴአትር ውስጥ ረብሻ ተነሣ። በሌላው ተውኔቱ አባቴን ገደልኩ ብሎ የሚፎክር ጎረምሳ በገጠር መንደር እንደ ጀግና ይታያል። ተመልካቹ ጮኸ፤ ፖሊስ ተጠራ። ራሳችንን ማስተዳደር እንችላለን ብሎ ለሚሟገት ሕዝብ፣ ገዢው እያየ ገበናው ሲገለጥ ምን ሊሰማው ይችላል?

ድሮ እነዚያን ረባሾች እንደ መሃይም እቆጥራቸው ነበር። ጥበብ አልገባቸውም እል ነበር። አሁን እንዲያ አልልም።

የአክስቴ ለቅሶ ላይ አንዲት አሮጊት ሙሾ ሲያወርዱ፣ ከውጭ አገር የመጣ ዘመዳችን ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር። ደሜ ፈላ። ክንዱን ይዤ ከድንኳኑ አስወጣሁት፤ የእኛ እንባ የማንም መዝናኛ አይደለም አልኩት። እሱም አፍሮ ዝም አለ።

ከወራት በኋላ እናቴ ያንን ግጥም ፈለገችው። ማንም በቃሉ አልያዘውም። አሮጊቷም አርፈዋል። እኔው ደወልኩለት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ያንን ቪዲዮ አጥፍተኸዋል እንዴ?» አልኩት።