ወረፋው ላይ ያልተገኙት

የተከበራችሁ የእርዳታ ሥራ ባልደረቦች፣ በጎ ፈቃደኞች፣ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ተወካዮች፤ እንደምን አደራችሁ።

የአደጋ ጊዜ እርዳታ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ወረፋ ነው። እህል ይከፋፈላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ብርድ ልብስ ይታደላል፤ ሰው ተሰልፎ፣ ስሙ ሲጠራ ፈርሞ ይወስዳል። የተሰለፈው ሁሉ ከደረሰው እኛም «ስርጭቱ በሰላም ተጠናቀቀ» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ወረፋው ላይ ስላልተገኘው ሰው ነው። አንዱ መቆም አልቻለም፣ አንዱ ጥሪውን አልሰማም፣ ሌላዋን መንገዱ አላስኬዳትም። ሪፖርቱ ላይ የሉም፤ ያልመጣ ሰው አይቆጠርማ!

እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ሲመታ፣ ነዋሪው ከተማዋን ለቆ እንዲወጣ ቀድሞ ታዝዞ ነበር። መኪና ያለው ወጣ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ አረጋውያን ሆነው ተገኙ፤ ከከተማዋ አቅራቢያ በነበረ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ብቻ 35 ሰዎች አልቀዋል። ለአደጋ በመዘጋጀት ዓለም የሚያደንቃት ጃፓንም አልተረፈችም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሱናሚ የተባለው የባሕር ማዕበል ከገደላቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 65 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው ነበሩ፤ የአካል ጉዳተኞች የሞት መጠንም ከሌላው ሕዝብ እጥፍ ገደማ ነበር።

በዚያው አደጋ ከማዕበሉ ከተረፉት መካከል ደግሞ ከ3,700 በላይ ሰዎች በኋላ ሞተዋል፤ በመፈናቀሉ እንግልት፣ በመጠለያ ኑሮ፣ በሕክምና መቋረጥ። እነዚህም በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ የእኛው ሥራ ነው። በመጠለያ ውስጥ ያሉ አዛውንት መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ከሆነ፣ መንገዱ ጨለማ ከሆነ፣ ደረጃ ካለው ምን ያደርጋሉ? ውሃ መጠጣት ይቀንሳሉ። ማንንም ሌሊት ቀስቅሰው «ውሰዱኝ» ማለት ያፍራሉ። ሰውነታቸው ይደርቃል፣ ቀኑን ሙሉ ከመሬት ሳይነሡ ይውላሉ፣ እግራቸው ውስጥ ደም ይረጋል። የእኛ ዶክመንት ላይ «በቂ ውሃ ቀርቧል» ይላል፤ እውነትም ቀርቧል። ያጠፋቸው ግን መብራት የሌለው መንገድና መያዣ የሌለው ግድግዳ ነው። መያዣውን ለመግጠም አንድ አናጢ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ወደ ምዝገባው ልምጣ። ቤት ለቤት ሄደን «አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ አብዛኛው ሰው «የለም» ይላል። አንዳንዱ ያፍራል፤ ሌላው ደግሞ ዓይናቸው የደከመውን አያቱን በእርጅና እንጂ በጉዳት አይቆጥርም። ስለዚህ የአካል ጉዳት መረጃ አሰባሰብን በሚመለከት በሚሠራው ዓለም አቀፍ ቡድን፣ በዋሽንግተን ግሩፕ፣ የተዘጋጁትን ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች እንጠቀም። ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማትስ? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት? ለማስታወስ? ራስዎን ለማጠብና ለመልበስ? ሐሳብዎን ለሌላ ሰው ለማስረዳት? ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ያልቃሉ፤ «ጉዳተኛ» የሚል ቃልም የለባቸውም።

ዝርዝሩ ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ከሆነ ረፍዷል። ጃፓን ከዚያ መከራ በኋላ በ2013 ሕጓን አሻሽላ፣ ማዘጋጃ ቤቶች ለመውጣት እርዳታ የሚያሻቸውን ነዋሪዎች መዝግበው እንዲይዙ አስገድዳለች። በ2021 ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የመውጫ ዕቅድ እንዲዘጋጅ ማዘጋጃ ቤቶቹ ጥረት እንዲያደርጉ ደንግጋለች። ማን ያወጣዋል? በምን? ወዴት? መድኃኒቱን ማን ይይዝለታል? የግል ምስጢር ጉዳይ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ሥጋት ነው። መልሱ ግን ባለጉዳዩን ቀድሞ ማስፈቀድ ነው እንጂ ዝርዝሩን በመሳቢያ ቆልፎ ማስቀመጥ አይደለም።

ስርጭት ላይ ስንደርስ፣ እስኪ 50 ኪሎ ጆንያ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው እንዴት ይሸከመዋል? ለሚሸከምለት ሰው ከራሽኑ ቆርሶ ይከፍላል፤ ይህን ሁላችንም አይተናል፣ ዝም ብለናል። ራሽኑን በትንንሽ ከረጢት ማሸግ፣ ባለመብቱ ራሱ የመረጠው ወኪል እንዲወስድለት መፍቀድ፣ ጭራሽ መውጣት ለማይችለው ቤቱ ማድረስ እንችላለን። ማስታወቂያውም በድምፅ ማጉያ ብቻ ከተነገረ መስማት የተሳነው ሰው ይቀራል፤ በጽሑፍ ብቻ ከተለጠፈ ማየት የተሳናት ትቀራለች። ሁለቱንም ማድረግ ነው። ከጎርፍ ያወጣነውን ሰው ደግሞ ዊልቸሩን፣ መነጽሩን፣ የመስሚያ መሣሪያውን ትተን ብናወጣው፣ በማግስቱ ሁሉን ነገር ከሰው እጅ እንዲጠብቅ አድርገነዋል።

«መጀመሪያ ብዙኃኑን እናድን፣ ልዩ ፍላጎት በኋላ ይደርሳል» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለበት። አረጋውያን ሲጨመሩበት «ልዩ» የምንለው ወገን ከመጠለያው ነዋሪ ትልቁን ድርሻ የሚይዝበት ጊዜ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 11 በአደጋ ጊዜ የሚደረግን ጥበቃ የመንግሥታት ግዴታ አድርጎታል። ችሮታ አይደለም።

ከሻይ በኋላ በቡድን ስትቀመጡ አንድ ሥራ አለኝ። ባለፈው ስርጭት የተጠቀማችሁበትን ቅጽ አውጡና «ያልመጡ» የሚል ዓምድ ጨምሩበት፤ ስም፣ የቀሩበት ምክንያት፣ ማን ሄዶ እንዳያቸው፣ በስንት ሰዓት ውስጥ። ዓምዱ እንዴት እንደሚሞላ ግን ብቻችሁን አትወስኑ። ዊልቸር ተጠቃሚዎች፣ ማየትና መስማት የተሳናቸው ወገኖች፣ አረጋውያንም በየጠረጴዛው አብረዋችሁ ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ።

አመሰግናለሁ።